የባንታምላክ የቱምባክ ጾም

ባንታምላክን የማያውቅ የገዳሪፍ እህል ገበያ ሰው ካለ፣ እሱ ትናንት የመጣ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ ርክሻው፣ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ሁሉ፣ መንገድ ይለቅለታል። ሲስቅ ከሚዛኑ ጀምሮ እስከ ውጭው በር ይሰማል። ረጅም፣ ቀጭን የቋራ ልጅ ነው። ጉልበት አለው፣ ወኔ አለው፣ እግዚአብሔርንም ይፈራል። ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ከከንፈሩ ሥር የምትወሸቅ፣ ሽምብራ የምታህል የትንባሆ ድብልብል ናት።

ይህን የማወራችሁ እኔ በላይነሽ ነኝ። እዚያው ገበያ በር ላይ ፉልና ታሚያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስ እሸጣለሁ። ባንታምላክ የኔ ነው፤ ስለዚህ ብስቅበት መብቴ ነው። ሌላ ሰው ሲስቅበት ግን አልወድም፣ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ወደ ሱዳን የመጣው እንደ ማንኛውም ሳሉግ ነው። ሳሉግ የምንለው ሰሊጥ ሲደርስ ከጎንደርና ከመተማ በኩል እየጎረፈ የሚመጣውን አጫጅ ነው። ሰሊጥ ደግሞ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀኑ ካለፈ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የባለ እርሻው ወኪል ከአጫጁ ራስ ላይ አይጠፋም። ባንታምላክ በመጣበት ዓመት የነበረው ወኪል አደም ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ሰው ላይ ወገብ የሚባል ነገር መኖሩን አያምንም።

በአደም እርሻ ላይ ቀና ማለት የሚፈቀድለት ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንደኛው ሙስሊሙ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ማጭዱን አስቀምጦ ይሰግዳል፤ አደም ራሱ ከፊት ቆሞ ያሰግዳል። ሁለተኛው ቱምባክ የሚወስደው ነው። ቱምባክ ሱዳኖች የሚወዱት እርጥብ ትንባሆ ነው። ከትንሽ ቆርቆሮ ቆንጠር አድርገው፣ በመዳፋቸው አድበልብለው፣ ከታችኛው ከንፈር ሥር ይወሽቁታል። ይህን ለማድረግ ሰው ቀና ይላል፣ እጁን ይጠርጋል፣ ቆርቆሮውን ከኪሱ ይፈልጋል፣ ያድበለብላል፣ ከወሸቀውም በኋላ አድማስ አድማሱን እያየ ትንሽ ይቆያል። ኋላም መትፋቱ አለ። አደም ራሱ ወሳጅ ስለሆነ ለዚህ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

እንግዲህ ፍረዱ። ሙስሊሙ ሰገደ፣ ሱሰኛው አድበለበለ፤ ቱምባክ የማይቀምስ ክርስቲያን ምን ብሎ ቀና ይበል? ባንታምላክ አንድ ቀን ወገቡን ይዞ ቢቆም አደም መጥቶ ምን ሆንህ አለው። ደከመኝ አለ የዋሁ። እርሻው በሙሉ ሳቀበት። በማግሥቱ ከጎኑ የሚያጭደው ልጅ ቆርቆሮውን ሲዘረጋለት ተቀበለ። ጭንቅላቱ ዞረ፣ አስመለሰው፣ ሄዶ ከነዶ ጥላ ሥር ተዘረጋ። አደም ደግሞ ጀማሪ እንዲህ ያደርገዋል ብሎ በእጁ ውኃ አመጣለት። ባንታምላክ ይህን ሲያወራ፣ ሱዳን ከመጣሁ እንደዚያ ቀን አርፌ አላውቅም ይላል።

ትልልቅ ሰዎች ወጣቱ ለምን ይጀምራል ሲባሉ፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብለው ይተርታሉ። እውነት ነው፣ ለጉራ የሚጀምር አለ። ጢም ሳያወጣ ጎልማሳ ለመምሰል የሚጀምርም አለ። የኔው ጉድ ግን የጀመረው ወገቡን ለማቅናት ነው። ወገቡ ቀና፣ ከንፈሩ አበጠ።

አጨዳው አልቆ ከተማ ሲገባ ያርፈዋል ትሉ ይሆናል። አላረፈውም። ገበያ ላይ ደግሞ ቱምባክ ሰላምታ ነው። ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ ሰላም ብሎህ ቆርቆሮውን ይዘረጋል። መዛኙም፣ ደላላውም፣ ጆንያ ሰፊውም እንዲሁ። እምቢ ያልክ እንደሆነ እጁን የናቅክበት ይመስለዋል። ባንታምላክ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይችልም፤ ይሉኝታው ከጉልበቱ ይበልጣል። በዚያ ላይ እሱን ካልወሰደ ጠዋት ራሱን ይወጋዋል፣ ጆንያው ይከብደዋል፣ ዝንብ እንኳ ሆን ብላ የምታስቸግረው ይመስለዋል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ነገሩ፣ ሳያውቀው እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

እኔን ግን ይህ ነገር አያስቀኝም ነበር። አባቴ ያረጋል ፋው በሚባለው የእርሻ አገር ትራክተር ይነዳ ነበር፤ ትራክተር ላይ እንቅልፍ እንዳይጥለው ብሎ ቱምባክ ጀመረ። ልጅ ሆኜ ከሱቅ የምገዛለት እኔ ነበርኩ። እጄ ላይ የሚቀረው ሽታ በሳሙናም አይለቅም ነበር። ከዓመታት በኋላ ከንፈሩ ሥር ቁስል ወጣ። የማሽላ አገዳ ወግቶኝ ነው አለ፣ ጨው ተጉመጠመጠ፣ ቁስሉ ግን ሰፋ። ጦርነቱ ሳይመጣ ካርቱም ወስደነው የታች መንጋጋውን አንድ ጎን ቆረጡት። እናቴ ካረፈች ወዲህ የማበላው እኔ ነኝ፤ ፉሉን አድቅቄ አልሜ፣ ዳቦውን በሾርባ አርሼ። ሐኪም መንጋጋውን ቆረጠ፣ እሱም ቱምባኩን ቆረጠ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ ብዬ አስቤ ነበር።

ስለዚህ የባንታምላክ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው አባቴ እሺ ሲል፣ እኔ ከጓዳ ወጥቼ ቃሌን ሰጠሁ። የሴት ልጅ ወግ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛ ወንድ ፉል አልሜ አላበላም አልኩ። ቱምባኩን ይተውና ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርጉ ይሁን፤ ካልተወ ሠርግ የለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንደኛው የራሱን ቆርቆሮ በነጠላው ሲሸፍን አይቻለሁ።

እወደዋለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም። ግን እየወደድኩት የአባቴን መንገድ ሲሄድ ቆሜ ማየት አልችልም ነበር።

የመጀመሪያው መላ የመጣው ከሉጥፊ ነው። ሉጥፊ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ የርክሻ ሾፌር ነው፤ ፀጉሩን እንደ ሰሌን የሠራ፣ አንገቱ ላይ ቬፕ የሚሉትን የሚጤስ ዕቃ ያንጠለጠለ ጎረምሳ። ለባንታምላክ ይህ ትንባሆ አይደለም፣ እንፋሎት ነው አለው። አመነ። አንድ የማንጎ ሽታ ያለው ገዛ። ከዚያ ወዲህ አጠገቡ ስቆም ጭማቂ ቤት የገባሁ ይመስለኝ ጀመር። ያን የሚያህል ሸካሚ ጆንያውን አራግፎ ከግድግዳ ሥር ይቆምና ጭሱን በአፍንጫው ሲያወጣ፣ ከኋላው የሚንተከተክ ጀበና ያለ ነው የሚመስለው።

ችግሩ ነገርዬው እንደ ስልክ ኃይል ይሞላል። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ባንታምላክ ሆስፒታል በሽተኛ እንዳስተኛ ሰው ይንቆራጠጣል። በየሱቁ እየገባ መብራት መጣ ወይ ይላል። በርክሻ ባትሪ ሊሞላ ሞክሮ የሉጥፊን ጥሩምባ አበላሸ። ጆንያ ተሸክሞ ደግሞ ቬፕ አይያዝም፣ እጅ ይፈልጋል፤ ቱምባክ እጅ አይፈልግም። ስለዚህ ሲሠራ ቱምባክ፣ ሲያርፍ ማንጎ ሆነ። አንዱን ሱስ ሊያስወጣ ሄዶ ሁለተኛውን ይዞ ገባ።

ሉጥፊን ይዤ ወቀስኩት። ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምን አደረግህብኝ አልኩት። እሱም አፈረና እውነቱን ነገረኝ። ሽታው ማንጎ ይሁን እንጂ ውስጡ ያው የትንባሆው ኒኮቲን ነው፤ እኔም ጠዋት ስነሣ ከስልኬ በፊት እሱን ነው የምፈልገው፤ ካርቱም ሳለሁ ጓደኞቼ ይዘውት ነው የጀመርኩት፤ አሁን እነሱ በየአገሩ ተበትነው ይህ ብቻ ቀረኝ አለኝ። ልቆጣ ሄጄ አዘንኩለት፤ ታሚያ ጠቅልዬ ሰጠሁት። የባንታምላክ ቬፕ ግን ብዙ አልኖረም፤ የሰሊጥ ጆንያ ተጫነባትና ማንጎዋ በዚያው ተደመደመች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ባንታምላክ ጾም ላይ ቀልድ አያውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ጆንያ ሲያወጣና ሲያወርድ የሚውል ሰው ነው። አንድ ቀን ዓይኑ በርቶ መጣና መላውን አገኘሁት አለኝ። ሥጋውን የሚጾም፣ ወተቱን የሚጾም ሰው ቱምባክ እንዴት ያቅተዋል? ከጾሙ ጋር አብሬ እጾመዋለሁ አለ። ለንስሐ አባቱም ሄዶ ነገራቸው። ቄሱ ልጄ፣ ይህማ በፍስክም የተከለከለ ነው አሉት። ባንታምላክ የሰማው ግን በርታ ያሉትን ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክፉ ነበሩ። ከሚዛኑ ጋር ይጣላል፣ ከጆንያው ጋር ይጣላል፣ አንድ ጊዜ ከአህያ ጋር ሲከራከር ደርሼበታለሁ። ቅርንፉድ ሰጠሁት፣ እሱን እያኘከ ዋለ። ኋላ ግን ነገሩ እየቀለለ መጣ። ቆርቆሮ ሲዘረጋለት ጾም ነኝ ይላል። ሱዳኖቹ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ወዲያው ይሰበስባሉ፤ አላህ ይቀበልህ ይሉታል። ጾመኛን የሚፈትን ሰው ገበያው ውስጥ አልነበረም። አንድ ቀን ፉል እየበላ ድንገት አቆመና፣ ለካ ፉልሽ ከሙን አለው አለኝ። ምላሱ በቱምባክ ደንዝዞ ስንት ዘመን ሲበላው የኖረውን! ልምታው ወይስ ልሳመው ብዬ ተቸገርኩ።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ለተወሰነ ጊዜ ተገናኝተው ነበር፤ ያን ሰሞን ቀን ቀን ቆርቆሮ የሚዘረጋ አልነበረም። ከፉል ቦታዬ ጎን ሱቅ ያለው ያዕቁብ የወሎ ሙስሊም ነው፤ ሲጋራ ያጨሳል። ቀን ቀን በጾም ይተዋል፣ ማታ አዛን ሲል ግን ከቴምሩ በፊት ሲጋራውን ነው የሚለኩሰው። ሚስቱ አማል ትሰድበዋለች። ባንታምላክ ደግሞ ይስቅበታል፤ አንተ ማታ ማታ ትሸነፋለህ፣ እኔ ግን እስከ ፋሲካ ይለዋል። ያዕቁብም፣ የኔስ በየማታው እየተቀነሰ ይወጣል፣ ያንተ ተጠራቅሞ በአንድ ቀን እንዳይወጣ ፍራ ብሎ መለሰለት። እኔ ያዕቁብን ምቀኛ ብዬ ገሠጽኩት። የሠርግ ልብሴን ላሰፋ ጨርቅ ገዝቼ ነበርና ክፉ ወሬ መስማት አልፈለግሁም።

ፋሲካ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ወደ ቤታችን መጣን፤ እኔ፣ አባቴ፣ ባንታምላክና ጎረቤታችን ለተትንሳኤ። ዶሮው ቀረበ። ባንታምላክ እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ቆየ። ውኃ አልቆበት ይሆናል ብዬ ጆጉን ይዤ ተከተልኩት። የኔ ጾመኛ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነፍቶ ቆሟል። ዶሮውን እንኳ አላስቀደመም።

ጆጉ ከእጄ ወደቀ። ዓይኑን ገለጠና በሞላ ከንፈሩ፣ "ጾሙ እኮ ተፈታ" አለኝ።

ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ልቡ ንጹሕ ነው፤ የገባውን ቃል የጨረሰ ነው የመሰለው። ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ቀን እየጠበቀ ኖሯል። "ፋሲካ የሌለው ጾም ስትጀምር ያን ጊዜ ጥራኝ" አልኩና ገባሁ።

ዳግማይ ትንሣኤ ያለ ሠርግ አለፈ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ጊዜ ሰጠሁ፤ ካልሆነ ቃሌን አነሳለሁ አልኩ። ጨርቁን ከሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ባንታምላክ ወደ ፉል ቦታዬ መምጣት አቆመ። በሩቁ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ሳቁ ከገበያው ጠፋ። እኔም ኮስተር ብዬ ታሚያዬን እጠብሳለሁ።

አንድ ጠዋት ያዕቁብ የሆነውን ነገረኝ፤ እኔ ያልሰማሁ መስዬ ድስቱን አማስል ነበር። ባንታምላክ እንደገና ሊተው እየሞከረ ነው አለ። ግን የሚዘረጋለትን ቆርቆሮ የሚመልስበት ቃል የለውም። ጾም ነኝ እንዳይል ጾም የለም። ተውኩ ሲል ይስቁበታል፤ እኛም በየቀኑ እንተዋለን ይሉታል። አንድ ሁለት ቀን ይይዝና በሦስተኛው ይሉኝታው ያስወስደዋል። ያዕቁብ ይህን ሲናገር እሱ ራሱ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቶቹ መካከል ይዞ ነበር፤ አየኝና ወደ ኪሱ መለሰው።

በዚያው ሰሞን ለተትንሳኤ በእኩለ ቀን መጥታ ከጆሮዬ ተጠጋች። ባንታምላክ በየቀኑ ፀሐይ ስትበረታ፣ ገበያው ለዕረፍት ሲዘጋ፣ እኛ ቤት ይገባል አለችኝ። ከአባቴ ጋር ራኩባው፣ የሣር ዳሳችን ሥር ይቀመጣሉ፣ እኔ ከመመለሴ በፊት ይወጣል። ደሜ ፈላ። አባቴ ከሱ ጋር ምን አለው? ያ የማያፍር ደግሞ መንጋጋው በጎደለ ሰው ፊት ቱምባኩን ሊያድበለብል? ምድጃዬን ለለተትንሳኤ ጥዬ እየተንደረደርኩ ሄድኩ። የምናገረውን ስድብ በመንገድ ላይ መርጬ ጨርሼው ነበር።

ግቢው ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁና ከራኩባው ሣር ጀርባ ቆምኩ። አባቴ ከተቆረጠ ወዲህ ቃሉ ይጎተታል፤ ለማያውቀው ሰው አይገባም። ባንታምላክ ግን እየሰማው ነበር።

"ይዘሃል?" አለ አባቴ።

"የለኝም ጋሽ ያረጋል።"

"ከቀኝ ኪስህ ይሸተኛል።"

ከዚያ ባንታምላክ፣ "አለኝ። ግን አልሰጥዎትም" አለ።

"አንተስ?"

"እዚህ ተቀምጬ እንዴት አድርጌ እወስዳለሁ? እርስዎ እያዩኝ እጄ እምቢ ይለኛል።"

"እንግዲያ ትንሽ ቆይ፤ አትሂድ" አለ አባቴ። "ይህ ሰዓት ነው የሚከፋኝ። ልጅቷ ገበያ ናት፣ ሱቁ እዚህ ማዶ ነው። ከተቆረጥኩ ጀምሮ አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም።"

በየዕለቱ እያላምኩ የማበላው አባቴ! በየቀኑ ገበያ ወጥቼ ብቻውን ስተወው፣ ከራሱ ጋር ሲታገል ኖሯል። አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ሐኪም ከቆረጠለት በቃ፣ ምን ይፈልጋል ብዬ ነበር። መንጋጋውን ያጣ ሰው እንዲህ የሚናፍቀውን ነገር፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ሁዳዴ ይተወው ብዬ ነው የፈረድኩት። በራሴ አፈርኩ፣ ለአባቴ አዘንኩ፣ ያን ረጅም ደግሞ ሄጄ ማቀፍ አማረኝ።

ገባሁ። ባንታምላክ እንደ ሌባ ተነሥቶ ቆመ፤ ቆርቆሮዋን ከኪሱ አውጥቶ ወደ እኔ ዘረጋ። አባቴ በእጁ ከለከለኝ። አትቀበይው፣ ብትወስጅበት ከሱቁ ሌላ ይገዛል፣ ይልቅስ ተቀመጭ አለኝ። ከመካከላቸው ተቀመጥኩ። ባንታምላክ ወለሉን ያያል፣ አባቴ በሩን ያያል፣ እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ሙቀቱ ሲበርድ አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"ሠርጉን አድርጊው ልጄ" አለ። "አንች እምቢ ካልሽ ይሄ ልጅ ወደ አገሩ ይሄዳል። ከሄደ እኔን ማን ይጠብቀኛል?"

ሠርጉ ከጰራቅሊጦስ በፊት ሆነ። ትቷል ወይ ብትሉኝ፣ ትቷል ብዬ አልምልም። ከሠርጉ በፊት አንድ ጊዜ ወደቀ። ግን ራሱ መጥቶ ነገረን፤ አባቴም ተቀመጥ አለው፣ ተቀመጠ። እንደገና ያዘ።

ባንታምላክን ያስጨነቀው የሠርጉ ዕለት ነበር። ገበያው በሙሉ ይመጣል፤ መጥቶ ደስ ያለህ ሲለው ሁሉም ቆርቆሮውን ይዘረጋል። ሙሽራ ደግሞ በሠርጉ ቀን የሰውን እጅ አይመልስም። ሚዜ ይጠብቅሃል ስለው፣ ሚዜዎቼ ሁሉ ወሳጆች ናቸው አለ። ያን ጊዜ አባቴ እኔ ሚዜ እሆናለሁ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! የሙሽራይቱ አባት የሙሽራው ሚዜ! ለተትንሳኤ እንዲህ ያለ በትግራይም የለም አለች፣ ሽማግሌዎቹ በአማራም የለም አሉ፣ ያዕቁብ እንኳ በእኛም የለም ሲል ቃሉን ጨመረ። አባቴ ሚዜ ማለት ከሙሽራው ጎን የማይለይ አይደለም ወይ ብሎ ዝም አሰኛቸው።

አባቴ ሰው ፊት ሲወጣ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። ከተቆረጠ ወዲህ ከእናቴና ከእኔ በቀር ፊቱን ሙሉ ያየ የለም። በሠርጉ ቀን ከባንታምላክ ቀኝ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሾፌር መጣ፣ ሙሽራውን ሳመ፣ ቆርቆሮውን ዘረጋ። ባንታምላክ ላብ በላብ ሆነ። አባቴ ነጠላውን ከፊቱ ላይ ዝቅ አደረገው። ሾፌሩ አየው። ቆርቆሮውን ወደ ኪሱ መልሶ የአባቴን ግንባር ስሞ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አባቴ ነጠላውን መመለስ ተወው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ፊቱን ገልጦ ዋለ። እኔ ሙሽራይቱ ኩሌ እስኪፈስ አለቀስኩ፤ ሰዉ አባቷን ልትለይ ነው ብሎ አዘነልኝ።

በማግሥቱ ጫጉላ ገባን። ወግ ነው፤ ሙሽራ ከጫጉላ አይወጣም። ፀሐይ በረታች፣ ገበያው ተዘጋ። ባንታምላክ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ፤ በሩን አየ፣ እኔን አየ። ጫጉላ ላይ ሙሽራይቱን ጥሎ ወደ አማቱ የሚሄድ ሙሽራ ገዳሪፍ አይታ አታውቅም። ጫማውን አቀበልኩትና አባዬ ብቻውን ነው፣ ቶሎ ድረስለት አልኩት።